ያማርኛ ዐረፍተ ነገርና ማሰሪያው

የቀደሙ ሊቃውንት ለሰው ንግግር ክፍል ስም ሲያወጡለት «ዐረፍተ ነገር» አሉት፤ ነገር የሚያርፍበት፥ የነገር ማረፊያ ማለት ነው። ስሙ ብቻውን ትምህርት ይሆናል። ተናጋሪው ነገሩን አንሥቶ የሚያሳርፍበትን ስፍራ ካላዘጋጀ አድማጩም ልቡን የሚያሳርፍበት አያገኝም፤ የተሸከመውን ሳያውቅ ተሸክሞ ይሄዳል፥ በመንገድም ግማሹን ይጥለዋል።

በዛሬ ጊዜ በየጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ፥ በየደብሩ ማስታወቂያ፥ በየጋዜጣውና በየራዲዮኑ የምናገኘው አማርኛ ብዙ ጊዜ ማረፊያ የሌለው ነው። አንባቢው ዳዊት የደገመ፥ ከዚያም አልፎ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የሠለጠነ ሆኖ ሳለ ያንድ ገጽ ደብዳቤ ለማስተዋል ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ከተመላለሰበትም በኋላ ምን እንደ ታዘዘ፥ ማን እንዳዘዘው፥ መቼም እንደሚፈጸም ለመናገር ይቸገራል። ይህ ጥፋት ያንባቢው አይደለም፤ የጸሓፊው ነው።

ስለዚህ ጥፋት የሚናገሩ ሰዎች «አማርኛው ረዘመ» ብለው ያልፋሉ። እኛ ግን ርዝመት ብቻውን ጥፋት ነው አንልም። ጥፋቱ የሚገኘው በሦስት ስፍራ ነው፤ መዠመሪያ በማሰሪያው፥ ሁለተኛ በባለቤቱ፥ ሦስተኛ በምሥጢሩ። እነዚህን ሦስቱን ተራ በተራ እንመርምር። ለምሳሌ የምናቀርባቸው ዐረፍተ ነገሮች ከማንም መጽሐፍ ወይም ደብዳቤ የተገለበጡ አይደሉም፤ በያለበት የሚታየውን ልማድ ለማሳየት እኛው ያዘጋጀናቸው ናቸው።

ስለ ማሰሪያው።

ማሰሪያ አንቀጽ የሚባለው ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ እንደ ሆነ በቅኔ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። «ሠርቶ» ያለ ሰው ገና አልጨረሰም፤ ቦዝ ነውና ሌላ ግስ ይጠብቃል። «መሥራት» ያለም አልጨረሰም፤ ንዑስ አንቀጽ ነውና እንደ ስም ይቈጠራል። «ሠራ»፥ «ይሠራል»፥ «ሥራ» ሲል ብቻ ነገሩ ይታሰራል። ነዶ በገመድ እንዲታሰር ዐረፍተ ነገርም በዚህ ይታሰራል፤ ገመዱ ከላላ ወይም ከጠፋ እህሉ በመንገድ ይፈሳል።

በማሰሪያው ስፍራ ግዕዝና አማርኛ ይለያያሉ። ግዕዝ ግሱን አስቀድሞ ሊያመጣ ይችላል፤ ቅጽሉንም ከስሙ በኋላ ያስከትላል። «ርኢኩ ብእሴ ዘሐነጸ ቤተ» ብንል አድማጩ ገና በመዠመሪያው ቃል ማየታችንን ያውቃል፤ በሁለተኛው ቃል ያየነው ሰው መሆኑን ያውቃል፤ ሰውየው ቤት መሥራቱንም ከዚያ በኋላ ይሰማል። አማርኛው ግን «ቤት የሠራ ሰው አየሁ» ነው። ተራው ፈጽሞ ተገለበጠ፤ በግዕዙ መጨረሻ የነበረው ቤት በአማርኛው ፊት ሆነ፥ በግዕዙ ፊት የነበረው ማየትም መጨረሻ ሆነ።

በአራት ቃል ይህ ምንም ችግር አያመጣም። ቃሉ አርባና ሃምሳ በሆነ ጊዜ ግን አድማጩ ማሰሪያው እስኪደርስለት ድረስ ሁሉንም በልቡ ይዞ መቈየት አለበት። የሰማው ነገር ተደረገ ወይስ አልተደረገም፥ ታዘዘ ወይስ ተከለከለ፥ የሚለየው በመጨረሻው ቃል ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በግዕዝ ከሚጽፈው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛም እንደዚሁ ግሱን ከባለቤቱ አጠገብ ያኖሩታል፤ በነርሱ ዘንድ ረዥም ዐረፍተ ነገር የሚከብደው ማሰሪያው ከታወቀ በኋላ ነው። ያንኑ ዐረፍተ ነገር ተርጓሚው ሳይከፍል እንዳለ ወደ አማርኛ ቢመልሰው ሸክሙ ሁሉ ከማሰሪያው በፊት ይከመራል። ዛሬ ከምናየው ያማርኛ መንዛዛት ብዙው የመጣው ከዚህ ነው።

የማሰሪያ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚወድ የገዛ አገሩን ታሪክ ይመልከት። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተደረገው ውል ውስጥ 17ኛው ክፍል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ሲሆን ኢጣልያንኛው ግን በዚያው መንገድ እንዲላላኩ የተስማሙና የታሰሩ አድርጎ ጻፈው። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ላውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ዳግማዊ ምኒልክ ነገሩን በተረዱ ጊዜ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን አስታወቁ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈረደ። ጦርነቱን ያመጣው ያ ቃል ብቻ ነው አንልም፤ አገር የመያዝ ምኞቱ ከቃሉ የቀደመ ነበር። ነገር ግን ምኞቱ ሕግ መስሎ የሚቆምበትን ስፍራ ያገኘው ባንድ ማሰሪያ ውስጥ ነው። «ይቻላል» እና «ይገባል» ሁለቱም ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የአንድ አገር ነጻነት ሊቆም ወይም ሊወድቅ ይችላል። «ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» ያሉ አባቶች ይህን አውቀው ነው።

እንግዲህ ቦዙ ሁሉ ይጥፋ ማለታችን አይደለም። ቦዝ ያማርኛ ጌጥ ነው። «ማልዶ ተነሥቶ፥ ፊቱን ታጥቦ፥ ጸሎቱን አድርሶ፥ መጽሐፉን ይዞ ወደ ጉባኤው ሄደ» ቢባል አምስት ቦዝ ተከታትሎ ማንም አይደናገርም። ስለ ምን ቢሉ፥ ባለቤቱ አንድ ነው፤ ሥራውም እንደ ተሠራበት ተራ ተነግሯል፤ አድማጩ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል። «ዝናሙ ዘንሞ፥ ወንዙ ሞልቶ፥ መልእክተኛው ቀርቶ፥ ደብዳቤው ዘግይቶ፥ ጉባኤው ተበተነ» ሲባል ግን በየቦዙ ባለቤቱ ተለወጠ፤ አድማጩም ባምስት ሰው ደጅ እየቆመ ያልፋል። በዚህ ጊዜ አንዱን ማሰር፥ ሌላውንም እንደ ገና መዠመር ይሻላል፤ «ዝናም ዘንሞ ወንዙ ስለ ሞላ መልእክተኛው ቀረ። ደብዳቤው ባለመድረሱም ጉባኤው ተበተነ።» ቦዝን የሚፈቅደው ያንዱ ባለቤት አንድነት ነው፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ማሰሪያ ይምጣ። ሌላውን ሕግ ሁሉ የረሳ ይህን አንዱን ቢይዝ ጽሑፉ እኩሌታውን ይጠራል።

ስለ ባለቤቱ።

በሰዋስው «ባለቤት» የሚባለው የግሱ አድራጊ ነው። ቤት ያለ ባለቤት እንዳይቆም ግስም ያለ ባለቤት አይቆምም። የዛሬው የጽሕፈት ቤት አማርኛ ግን ባለቤቱን አስወጥቶ ቤቱን ባዶ የመተው ልማድ አለው። አንድ የደብር ማስታወቂያ እንዲህ ተጽፎ ቢገኝ ማንም አይደነቅበትም፤

«በደብራችን የሚገኘው የአብነት ትምህርት ቤት ጣራ ባለፈው ክረምት በጣለው ከባድ ዝናም ምክንያት ጉዳት የደረሰበት በመሆኑና ተማሪዎቹም መጠለያ በማጣት በችግር ላይ ወድቀው የሚገኙ ስለሆነ ይህንኑ ችግር በመገንዘብ የሰበካ ጉባኤው ባደረገው ስብሰባ ምእመናን የበኩላቸውን አስተዋፅኦ እንዲያደርጉ ለማሳሰብ የተወሰነ በመሆኑ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመዋጮ ማሰባሰብ ሥራ የሚከናወን መሆኑን እንገልጻለን።»

ይህ 47 ቃል ነው፤ ማሰሪያው ግን አንድ ብቻ ነው፥ እርሱም «እንገልጻለን» የሚል ነው። ከተነገረው ሁሉ በእውነት የታሰረው መግለጣቸው ብቻ ሆነ፤ የጣራው መጐዳት፥ የተማሪዎቹ መቸገር፥ የገንዘቡ መሰብሰብ ሁሉ በዚያ ባንድ ችንካር ላይ ተንጠልጥሏል። አሁን ይህን እንመልከት፤

«ያብነት ትምህርት ቤታችንን ጣራ የክረምቱ ዝናም አፈረሰው። ተማሪዎቹ መጠለያ የላቸውም። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጣራው ማሠሪያ ገንዘብ እንሰበስባለንና የተቻላችሁን ይዛችሁ ኑ።»

ይህ 21 ቃል ነው። ያጠረው ከነገሩ ተቀንሶ አይደለም፤ እንዲያውም ተጨምሮበታል። የፊተኛው «ጉዳት የደረሰበት» ሲል ጣራው ማፍሰሱን ይሁን መፍረሱን አልተናገረም፤ ጸሓፊው ራሱ ሄዶ ሳያይ ሊጽፈው ይችላል። የኋለኛው ግን «አፈረሰው» ለማለት ጸሓፊውን ወጥቶ ጣራውን እንዲያይ ያስገድደዋል፤ አፍስሶም እንደ ሆነ «ያፈሳል» ይላል። የፊተኛው ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አልነገረንም፤ የኋለኛው ለጣራው ማሠሪያ ነው አለን። በፊተኛው የሚሰበስብ ሰው የለም፥ «ሥራ ይከናወናል» እንጂ፤ በኋለኛው «እንሰበስባለን» ያሉ ሰዎች አሉና ገንዘቡን የሚጠየቁም እነርሱ ናቸው።

የነገሩ ከባድነት በዚህ ላይ ነው። ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ኀላፊ የሌለው ሥራ ነው። «በተፈጠረ ክፍተት ምክንያት ገንዘቡ ለታለመለት ዓላማ ሳይውል ቀርቷል» ብሎ የጻፈ ሰው ዋሸ አይባልም፤ ግን ምን አለ? ክፍተቱን ማን ፈጠረው? ገንዘቡንስ ማን አዋለው? በምንስ ላይ ዋለ? «ለጣራ የተሰጠንን ገንዘብ ለአጥር አዋልነው» ቢል ግን አድማጩ ወይ ይቅር ይላል ወይ ይፈርዳል፤ ለሁለቱም መንገድ አለው። ግልጥ አጻጻፍ የውበት ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ያስተውል። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያደበዝዘው ያለማወቅ ሳይሆን ያለመጠየቅ ምኞት ነው፤ ተደራጊ ግስም ለዚህ ምኞት የተመቸ መጋረጃ ሆኗል።

ለባለቤቱ መጥፋት ሁለተኛው ምክንያት ግስን ወደ ስም መለወጥ ነው። «እናስተምራለን» ማለት ሲቻል «የማስተማር ሥራ እየተሠራ ይገኛል» ይባላል። «አስረዳናቸው» ማለት ሲቻል «ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ ሠርተናል» ይባላል። «ይረዳል» በማለት ፈንታ «ከፍተኛ ሚና ይጫወታል» ይባላል፤ ይህም ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፥ በአማርኛ የሚጫወት ልጅ ነውና። ከሁሉም የባሰው «መንገዱ እየተሠራ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ «ያለበት»፥ «ነው»፥ «ያለው» የሚሉ ሦስት ቃላት አንዱን «አለ»ን ይደጋግሙታል፤ «ሁኔታ» የሚለውም ምንም አይሠራም። «መንገዱ እየተሠራ ነው» ቢባል ምን ይጐድላል? «ሥራ»፥ «ሁኔታ»፥ «ሂደት»፥ «አኳያ»፥ «አንጻር» የሚሉት ቃላት በስፍራቸው ሲሆኑ መልካም ናቸው፤ ዛሬ ግን ግሱን ከስፍራው አስነሥተው በወንበሩ የተቀመጡ ሆነዋል። ጸሓፊ ከነዚህ አንዱን ባየ ቁጥር በስተኋላው የተደበቀ ግስ እንዳለ ይጠርጥር፤ ፈልጎም ያውጣው።

ስለ ብዙ ቍጥር ማብዛትም ጥቂት እንበል። «ካህናት» ብዙ ነው፤ «ካህናቶች» የሚል ሰው ብዙውን እንደ ገና አበዛው። «መምህራኖች»፥ «ሕፃናቶች»፥ «ቅዱሳኖች» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በግዕዙ «ካህናት» ወይም በአማርኛው «ካህኖች» ማለት ይበቃል። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም ቃሉን ሳይመዝን የሚጽፍ እጅ በዚህ ይታወቃል።

ስለ ምሥጢሩ።

እስከዚህ የተናገርነው የጽሕፈት ቤቱን ሰው የሚነካ ነበር። አሁን የምንናገረው ግን እኛን የቅኔ ቤት ልጆች ይነካል። ብዙ ሰዎች «አማርኛን ያጨለማችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሰምና ወርቅ እያላችሁ ነገር በመሸፈን አሠልጥናችሁታል» ይሉናል። ይህ ክስ እኩሌታው እውነት፥ እኩሌታው ሐሰት ነው።

ሐሰት የሆነው እኩሌታ ይህ ነው። ቅኔ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ቃል መቈጠብን ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በሁለት ቤት ውስጥ ባለቤት፥ ተሳቢ፥ ማሰሪያ፥ ሰምና ወርቅ ሁሉ መግባት አለባቸው። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፥ ወደ ዋዜማ፥ ወደ ሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ድረስ የሚወጣ ተማሪ ርዝመትን የሚያገኘው ዐጭሩን ካወቀ በኋላ ነው። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፥ ዋድላም ሆነ፥ በየትኛውም ቤት ቢሆን መምህሩ ቅኔውን ሲያርም እያንዳንዱን ቃል ምን እንደሚሠራ ይጠይቀዋል፤ ቤት ለመሙላት ብቻ የገባ ቃል ይወጣል። አገባቡም እንደዚሁ ነው፤ ዐቢይ አገባብ፥ ንዑስ አገባብ፥ ደቂቅ አገባብ ተብሎ እስከ ትንሹ ፊደል ድረስ ሥራው ተለይቶ ይታወቃል። እንዲህ የተማረ ሰው በዝርው ጽሑፍ «ከዚሁ ጋር በተያያዘ ሁኔታ» ብሎ ቢጽፍ የተማረውን ከቅኔ ማሕሌት ደጅ ጥሎት ወጣ እንጂ ቅኔ አላስተማረውም።

እውነት የሆነው እኩሌታ ደግሞ ይህ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ለቅኔ የተፈቀደውን መሸፈን ለዝርው ጽሑፍ ያውሉታል፤ ያልተረዳላቸውንም ሰው «አልተማረም» ይሉታል። ይህ ስፍራን አለመለየት ነው። ቅኔ ሲቀርብ ሰሚዎቹ በቦታው አሉ፤ በዓሉን ያውቃሉ፥ ታሪኩን ያውቃሉ፥ ባለቅኔውም በፊታቸው ቆሟል። ያልገባው ባጠገቡ ያለውን ሊቅ ይጠይቃል፤ ምሥጢሩም በኋላ ይፈታል። ደብዳቤ ግን ብቻውን ይሄዳል። ጸሓፊው በሌለበት አገር፥ ጸሓፊው ባረፈበትም ዘመን ይነበባል፤ የሚፈታው ሰው አብሮት አይላክም። ስለዚህ በቅኔ ሰሙን ሰብሮ ወርቁን ማውጣት የሰሚው ድርሻ ሲሆን፥ በዝርው ወርቁን አውጥቶ ማቅረብ የጸሓፊው ዕዳ ነው።

በቅኔ ኅብር የሚባለው፥ አንዱ ቃል ሁለት ነገር መያዙ፥ በዝርው ጽሑፍ ሳይታሰብ ሲመጣ ጥፋት ይሆናል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «በጉ ይበላል» ተብሎ ቢጻፍ በጉ በልተኛ ነው ወይስ ምግብ? በአፍ ሲነገር ይለያል፤ በወረቀት አይለይም። «ገና»፥ «አለ»፥ «ሰፊ» የሚሉትም ሁሉ እንዲሁ ሁለት ሁለት ነገር ይይዛሉ። ባለቅኔ በዚህ ይከብርበታል፤ የማስታወቂያ ጸሓፊ ግን ሊጠነቀቅለት ይገባል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ «በጉ ሣር ይበላል» ወይም «በጉ ነገ ይታረዳል» ብሎ ቃሉን በጓደኛ ማስጠበቅ ነው።

ሌላም አለ። «አለቃው ደብዳቤው እንደ ደረሰው ለመምህሩ ነገረው» ቢባል ደብዳቤው የደረሰው ለማን ነው? ለአለቃው ወይስ ለመምህሩ? ዐረፍተ ነገሩ ዐጭር ነው፥ ማሰሪያም አለው፥ ባለቤትም አለው፤ ግን ጨለመ። በዚህ ጊዜ አማርኛ ለራሱ የያዘው መልካም መንገድ አለ፤ እርሱም የሰውየውን ቃል እንደ ተናገረው ማምጣት ነው። «አለቃው መምህሩን ‹ደብዳቤው ደረሰኝ› አለው»፥ ወይም «‹ደብዳቤው ደርሶሃል› አለው» ቢባል ጥርጥር አይቀርም። አባቶቻችን በዜና መዋዕልም በችሎትም የተናጋሪውን ቃል «እንዲህ ብሎ» እያሉ በቀጥታ የሚያመጡት ስለ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ የሚያስጠረጥረውን የሚያጠራ ስለ ሆነ ነው። የዛሬው ጋዜጣ «መሆኑን ገልጸው፥ እንደሚገባ አሳስበው፥ መደረጉን አስታውሰው» እያለ ቃሉን ሁሉ በሩቅ ሲያወራ ማን ምን እንዳለ የሚጠፋው ይህን ያገር ጥበብ በመተው ነው።

ለምሥጢር አያያዝ ከሁሉ የሚበልጥ አብነት የሚሆነን የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። የትርጓሜ መምህር ባንድ ንባብ ውስጥ ሦስትና አራት ምሥጢር ያገኛል፤ ነገር ግን ሁሉን ባንድ ዐረፍተ ነገር አይደባልቅም። መዠመሪያ ንባቡን ያነባል፤ ቀጥሎ ነጠላውን ይተረጕማል፤ አንዱን ምሥጢር ፈጽሞ ከጨረሰ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ይዠምራል። ሐተታው በሐተታ ስፍራ፥ ታሪኩም በታሪክ ስፍራ ነው። በቃል ተነግሮ በቃል የሚያዝ ትምህርት ስለ ሆነ የማይያዝ ዐረፍተ ነገር ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊያልፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ ከአማርኛ ሁሉ የታመቀውና የጠራው በዚያ ይገኛል። ጸሓፊ ብዙ ሐሳብ ቢኖረው አይከፋም፤ «አንድም» ማለትን ይልመድ።

ርዝመት ብቻውን ጥፋት አይደለም ያልነውን በምሳሌ እናስረዳ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» በቃል ሀብት የሚያህለው ጥቂት ነው፤ ያንዱን ነገር መልክ ለማሳየት ግን ቃል በቃል ላይ ስለሚደርብ አንባቢው አንዳንድ ጊዜ ሥዕሉን እያደነቀ ታሪኩን ይረሳል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ለማስተማር የሚጽፉ ናቸውና ዐረፍተ ነገራቸው ቶሎ ይታሰራል፤ ልጅም ሽማግሌም ሲነበብለት ይከተላቸዋል፤ አንዳንዱ ስፍራ ግን ምክሩ ከታሪኩ እየቀደመ ያደርቀዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ግን እጅግ ረዣዥም ዐረፍተ ነገሮች አሉ፤ ሆኖም አንባቢ አይጠፋባቸውም። ምክንያቱም በጎጃም የአብነት ትምህርት ያደጉት ደራሲ ቦዙን ባንድ ባለቤት ሥር ይመሩታል፤ ማሰሪያው ሲመጣም አንባቢው ሲጠብቀው የቈየው ነው። ስለዚህ መለኪያው የቃሉ ቍጥር አይደለም፤ አንባቢው በመካከል «ማን?» ብሎ ለመጠየቅ መገደዱና አለመገደዱ ነው።

ማጠርም እንደዚሁ ብቻውን ምግባር አይደለም። ዛሬ አንዳንድ ወጣቶች ረዥሙን በመሸሽ እንደ ገብስ ቆሎ የተበታተነ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ። «ዝናም ጣለ። ጣራው ፈረሰ። ልጆቹ ሄዱ። ትምህርት ቀረ።» ሁሉም ግልጥ ነው፤ ግን ልጆቹ የሄዱት ጣራው ስለ ፈረሰ ነው ወይስ ትምህርት ስለ ቀረ? ማያያዣው በሌለበት ምክንያቱ ጠፋ። «ስለ»፥ «ነገር ግን»፥ «እንጂ»፥ «ነውና»፥ «ስለዚህ» የሚሉት አገባቦች ከትንሽነታቸው የተነሣ የሚጣሉ አይደሉም፤ የነገሩ ጅማት እነርሱ ናቸው። መቍረጥ ያለበት የማይሠራው ቃል ነው እንጂ የሚያያይዘው አይደለም።

እንግዲህ ካህን ሆኖ ስብከት ለሚያዘጋጅ፥ ጸሓፊ ሆኖ ደብዳቤ ለሚያወጣ፥ የከተማ ሰው ሆኖ አቤቱታ ለሚጽፍ ሁሉ የምንመክረው ይህ ነው። ጽፎ ከጨረሰ በኋላ በያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያውን በጣቱ ይጠቁም፤ ጠቁሞም «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ካልተገኘ ይጻፈው። ባለቤቱ በተለወጠበት ስፍራ አራት ነጥብ ለማኖር አይፍራ። የተደበቀውን ግስ ከስሙ ውስጥ ያውጣ። ሁለት ነገር የሚያሰማውን ቃል በጓደኛ ያስጠብቅ። ቃል በጠፋውም ጊዜ ከውጭ አገር ከመበደሩ በፊት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመው ያዘጋጁትንና በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የግዕዝ መዝገበ ቃላት፥ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ያወጡትን ያማርኛ መዝገበ ቃላት ይግለጥ፤ የፈለገው ቃል አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ከሁሉ በኋላ አንድ መፈተኛ አለ። የጻፈውን ፊደል ላልቈጠሩ አንዲት የደብሩ እናት ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ ከዚያም «ምን አልሁ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ነገሩን በራሳቸው ቃል መልሰው ከነገሩት ጽሑፉ ጠርቷል። «ጥሩ አንብበሃል ልጄ» ብቻ ብለው ዝም ካሉ ግን ወረቀቱን ይዞ ይመለስ፤ እርሳቸው አላጠፉምና። ማስታወቂያው የሚነበበው ለርሳቸው ነው፤ ስብከቱም የሚሰበከው ለርሳቸው ነው፤ ገንዘቡንም በመቀነታቸው ቋጥረው የሚያመጡት እርሳቸው ናቸው። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ይባላል፤ በሰው ልብ ላይ መጫን ግን በየቀኑ እየተደረገ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጽፍ ሁሉ የሚጭነውን ይመዝን፥ ያሰረውንም ማሰሪያ ደግሞ ይይ።